የማክሰኞዋ ሚስት

ሮማንወርቅ በሩን አልፋ እንደ ገባች፣ ተነሥተው ወንበር የለቀቁላትን ሰዎች ዞር ብላም አላየቻቸው። ምርኩዟን ለልጇ ለዳናዊት አስያዘችና፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች በቀጥታ ወደ ፍራሹ ሄደች። ከአስካለማርያም አጠገብ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያም ደረቷን እየደቃች፣ "ወይኔ ባሌን፣ ወይኔ መከታዬን" ማለት ጀመረች።

 ለቅሶ ቤቷ፣ ሎንዶን አርችዌይ ሰፈር ያለችው ጠባብ ፍላት፣ ከቤተ ክርስቲያን በመጡ ታጣፊ ወንበሮች ተሞልታለች፤ ወንበሮቹ ላይ ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሮማንወርቅን፣ ቀጥሎ አስካለማርያምን አየ። ፍራሽ ላይ የሚቀመጠው የሟች የራሱ ሰው ነው። ሟቹ ዳኛቸውና ሚስቱ አስካለማርያም ልጅ አልወለዱም፣ የዳኛቸው እህቶችም ያሉት አገር ቤት ነው። ስለዚህ ያ ፍራሽ የእሷ የብቻዋ ነበር። እንግሊዝ አገር ሬሳ እንደ አገር ቤት ቶሎ አይቀበርም፤ ዳኛቸው ተራውን እስኪያገኝ ድረስ ሚስቱ እዚያ ላይ ተቀምጣ ለቀስተኛ ትቀበላለች።

"ባሌን ነው ያለችው?" አለች ሙሉነሽ፣ የቡናውን ፔርሙዝ እንደያዘች ወደ ጓደኛዋ ወደ አስካለማርያም ጆሮ ጎንበስ ብላ።

"ሰምተሻል።"

"ታውቂያታለሽ?"

"የማክሰኞዋ ናት" አለች አስካለማርያም።

ሙሉነሽ ገባት። የማክሰኞዋን ሴት ነገር አስካለማርያም የነገረቻት ለእሷ ብቻ ነው፤ ለሙሉነሽ የተነገረ ነገር ደግሞ ከተማው ማዶ ሃርልስደን ሰፈር ሳይደርስ አያድርም። ስለዚህ ወንበሮቹ ላይ ካሉት ሰዎች ግማሾቹ ወሬውን ያውቁታል። ሴትዮዋ ራሷ በእግሯ ትመጣለች ብለው ግን አልጠበቁም።

ዳኛቸው የባስ ሾፌር ነበር። በደርግ ጊዜ በስደት መጥቶ፣ ሎንዶንን ከዳር እስከ ዳር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ፊቱ በቀላሉ የማይፈታ ቁጥብ ሰው። በሠርጋቸው ዕለት ሚዜዎቹ ጎትተው ቢያስነሡት አንዴ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና "እግሬን አሞኛል" ብሎ ተቀመጠ። አስካለማርያም ያን ቀን ብቻዋን ጨፈረች። ከዚያ ወዲህም በሰው ሠርግ ሁሉ እሷ ስትጨፍር እሱ ቦርሳዋን ይጠብቃል። ባሌ ጨዋ ነው፣ ጨዋ ሰው አይጨፍርም ብላ ራሷን ካሳመነች ቆይታለች።

የመርሳት በሽታው ሲጀምረው መጀመሪያ የጠፋበት መንገድ ነው። ያን ሁሉ ሰው ቤቱ ሲያደርስ የኖረ ሰው ወተት ሊገዛ ወጥቶ መመለሻው ይጠፋው ጀመር። ቀጥሎ ሰው ጠፋበት። ሲብስበት ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር አልነሣ አለ። ጂፒው፣ የሰፈሩ ሐኪም፣ "ሰውነቱን ያንቀሳቅስ፣ ከሰው ይጫወት፣ ተቀምጦ መዋሉ ይጎዳዋል" ብሎ ካምደን ወዳለ ደይ ሴንተር፣ ወደ አረጋውያን የቀን መዋያ፣ ሪፈር አደረገው። ማክሰኞ ማክሰኞ እንደ እሱ ያሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ወንበር ላይ ተቀምጠው እጅ እግራቸውን ያፍታታሉ፣ ፊኛ ይቀባበላሉ፣ መቆም የሚችል ደግሞ በሙዚቃ ይወዛወዛል።

አስካለማርያም መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዳኛቸው ደህና መብላት፣ ሌሊት መተኛት፣ ያለ ደጋፊ ከወንበር መነሣት ጀመረ። ማክሰኞ ጠዋት ጠዋት ጺሙን መላጨትም ጀመረ።

"ያቺን ሽቶ ያቀብሉኝ እስቲ፣ እትዬ" ይላታል የገዛ ሚስቱን። "ባለቤቴ እየጠበቀችኝ ነው። እርስዎ ቤት ብዙ ቆየሁ፣ እንዳትቀየመኝ።"

በአንቱታ። ገላውን የምታጥበው፣ ሱሪውን የምትቀይርለት፣ ምግቡን አድቅቃ የምታጎርሰው እሷ፣ እትዬ ሆና ቀረች። ደይ ሴንተሩ በር ላይ ሲደርሱም "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ እጅ ነሥቷት ይገባል፤ ገብቶም አይዞርም።

በኤክሰርሳይዙ ሰዓት ኬረሮች፣ አስታማሚዎቹ፣ ወጣ ብለው እንዲያርፉ ነበር የሚነገራቸው። አንድ ቀን ዝናብ ያዛትና ኮሪደሩ ላይ ቆየች፣ በበሩ መስታወትም ወደ ውስጥ አየች። ዳኛቸው ቆሟል። አንዲት ረዘም ያለች ሐበሻ ሴት ይዞ ይወዛወዛል። ይስቃል። ሙዚቃው ስለሚጮህ የሚባባሉት አይሰማም፣ ግን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ይላታል፤ እሷም ትከሻውን መታ ታደርገዋለች። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል። ለአስካለማርያም ገባ፣ ገብቶም አልወጣላትም። ባለቤቴ የሚላት ማን እንደሆነች በዓይኗ አየች።

ልታስቀረው አስባ ነበር። ግን ማክሰኞ የቀረ እንደሆነ ረቡዕ እግሩ ይተሳሰራል፣ ምግቡን ይገፋል፣ ከመስኮቱ ሥር አይነሣም። ስለዚህ አንገትጌውን እያስተካከለች፣ ሽቶውን ራሷ እየረጨችለት ላከችው። ያን ያህል ትወደው ነበር፣ ያን ያህልም ትነድ ነበር። እሱ ባስ ውስጥ በመስኮት እያየ ፈገግ ሲል፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ጥርሷን ትነክሳለች።

አሁን ያቺው ሴት ፍራሿ ላይ ተቀምጣለች። መስታወትም የለ፣ በርም የለ።

"አስነሺያት እንጂ" አለች ሙሉነሽ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ዛሬ ፍራሹን ከለቀቅሽላት ቀብሩ ዕለት ሳጥኑን አቅፋ ብትሄድ ማን ይከለክላታል?"

እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንደሚባለው፣ አስካለማርያም መካሪ አላስፈለጋትም። ዳናዊትን በእጇ ጠራቻት።

"ልጄ፣ እናትሽን ወንበር ላይ አስቀምጪልኝ። እዚህ የምቀመጠው እኔ ነኝ።"

ዳናዊት እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣች የምታስታውቅ ልጅ ናት፤ የመሥሪያ ቤት ባጇ ገና ከአንገቷ አልወረደም። "አይ አም ሶ ሶሪ፣ እትዬ አስካለ። ማሚ አፕሴት ሆና፣ ከፍቷት ነው። ትንሽ ደቂቃ ይስጡኝ፣ ፕሊስ።" ጎንበስ ብላ የእናቷን ክንድ ያዘች።

"ልቀቂኝ" አለች ሮማንወርቅ። "ባሌ ሞቶብኝ ወንበር ላይ ልቀመጥ?"

አንድ ሁለት ሴቶች ሳይታወቃቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። ባሏ የሞተባት ሴት ወንበር ላይ አትቀመጥም፤ ይህን ማንም አይክድም። አስካለማርያምን ያቃጠላትም ይኸው ነው።

"የማን ባል ነው የሞተው?" አለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ወዲያው በሩ ተከፈተ። ቀይ ጺም ያለው ረጅም ፈረንጅ አበባ ይዞ ገባ፣ ደጃፉ ላይ የተከመረውን ጫማ አይቶ የራሱንም አወለቀ። ቤንጃሚን ነው፣ የኤክሰርሳይዙ አሰልጣኝ። ቤቱን ቃኘት ቃኘት አደረገና ፍራሹ ላይ ያሉትን ሁለት ሴቶች ሲያይ መጥቶ ተንበረከከ። የያዘው ግን የሮማንወርቅን እጅ ነበር።

"አስካለ" አለ፣ ስሙን ተጠንቅቆ እየጠራ። የቀረውን በእንግሊዝኛ ጨረሰው፤ በጣም አዝኛለሁ፣ እንደ እናንተ የሚዋደድ ሰው አይቼ አላውቅም፣ አላት።

"ኖ፣ ኖ" አለች ሙሉነሽ ፔርሙዙን አስቀምጣ። "አስካለ ይቺ ናት። ዚስ ዋን። ዋይፍ።"

ቤንጃሚን ከአንዷ ወደ አንዷ አየ። ፊቱ ቀላ። ዳኛቸው ሮማንወርቅን ሁልጊዜ አስካለ ነበር የሚላት፣ አለ። እሱ ራሱ በእውነተኛ ስሟ ጠርቷት ክንድሽን አንሺ ቢላት አትሰማውም፣ ዳኛቸው "አስካልዬ" ካላት ግን ታነሣለች። ስለዚህ እሱም በዚያው መጥራት ለመደ። የቤት ስሟ መስሎት ነበር።

አስካለማርያም ወደ ዳናዊት ዞረች። ልጅቷ ባጇን በጣቶቿ ታሻሻለች።

"የሚያውቁ መስሎኝ ነበር፣ እትዬ። ማሚ እሳቸውን ተክለአብ ነበር የምትላቸው። አባቴ ነው ተክለአብ፣ ከሞተ ቆየ። እሳቸውም አቤት ይሏታል። እሳቸው አስካልዬ ሲሏት ደግሞ እሷ ወዬ ትላለች። ኖባዲ ኮሬክትድ ዘም፣ ማንም አላረማቸውም። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ስለነበር እኔም ዝም አልኩ።"

"ሌላስ ምን ይላት ነበር?"

"ማሚን ልወስድ ቀድሜ ስደርስ ነው የምሰማው..." አለች ዳናዊት። "ሲጨፍሩ፣ 'አስካልዬ፣ ዛሬ እኮ እግሬን አላመመኝም' ይሏታል።"

አስካለማርያም አንገቷን ደፋች። ሙሉነሽ ጉልበቷን ዳበሰቻት። "አየሽ፣ አንቺን ነው እኮ። ሌላ አልነበረም። ደስ አይልሽም?"

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን አላላትም። ይልቁንም ቅናቷ ባሰ። እስከ ዛሬ የቀናችው በሌላ ሴት ነበር፤ ሌላ ሴት ትሰደባለች፣ ትጠላለች። አሁን የተወደደችው አስካለ ራሷ ሆነች፣ የተወደደችበት ቦታ ግን አልነበረችም። ስሟን ይዛ የተሳቀላት፣ ስሟን ይዛ የተጨፈረላት ይህች ሴት ናት። ለእሷ የደረሳት ሱሪውና አንቱታው ነው። "ምነው አንዴ እንኳ በሩን ከፍቼ በገባሁ" አለች ለማንም ሳይሆን።

ሮማንወርቅ በዚህ መሀል ለቅሶዋን አቁማ ነበር። ዙሪያዋን አየች፣ ጥቁር የለበሱትን ሰዎች አየች፣ ከዚያ ለአስካለማርያም ቀስ ብላ፣ "ማን ሞቶ ነው?" አለቻት።

ዳናዊት አፏን በእጇ ያዘች። ወንበሮቹ ላይ ያለው ሰው ሁሉ አስካለማርያምን ጠበቀ። መልሱ አፏ ላይ ነበር፤ ባሌ ብትል ፍራሹን ታስመልሳለች፣ ባልሽ ብትል የአሮጊቷን ባል እንደገና ትገድላለች። ሁለቱንም ማለት አማራት።

"የምናውቀው ሰው ነው" አለች።

"አይዞሽ እህቴ። እግዜር ያጥናሽ።" ሮማንወርቅ የአስካለማርያምን ነጠላ ጫፍ አንሥታ ፊቷን ጠረገችላት።

"ማክሰኞ ማክሰኞ ምን ነበር የምትሠሩት?" አለች አስካለማርያም።

"ከማን ጋር?"

አስካለማርያም የባሏን ስም ተወችው። "ከተክለአብ ጋር።"

የሮማንወርቅ ፊት በራ። "እንዴ፣ ብዙ ነው እንጂ። ነይ ላሳይሽ።" ተንፏቃ ዞረችና ከአስካለማርያም ጋር ፊት ለፊት ሆነች። እግሯን ዘርግታ ውስጥ እግሯን ከአስካለማርያም ውስጥ እግር ገጠመች፣ ሁለት እጆቿን ያዘች፣ ወደ ኋላ ጋደል ብላ ሳበቻት። አስካለማርያም ተሳበች። "አሁን ደግሞ አንቺ ሳቢኝ። ጀልባ ነው። ጠበቅ አድርጊ፣ እንዳልወድቅ።" አስካለማርያም ሳበች። የዳኛቸው እጅ ይህን ነበር የሚይዘው፣ ይህ ሙቀት ነበር የሚደርሰው እያለች ወደፊት ሄደች፣ ወደ ኋላ መጣች።

ቤንጃሚን ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ወንበሮቹ ላይ ያሉት ሴቶች ግን ኤክሰርሳይዝ የሚሉትን አያውቁም። ሁለት ጥቁር የለበሱ ሴቶች ተያይዘው ፍራሽ ላይ ሲወዛወዙ አዩ፤ ሐዘን መሰላቸው። አንዷ ሙሾ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፣ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ።

ሮማንወርቅ ደከማት። "በቃን" አለችና እጆቿን ልትሰበስብ አለች። አስካለማርያም ጣቶቿን አጥብቃ ያዘቻቸው።

"አንዴ ደግሞ" አለቻት።