ሰልፍ የሌለበት ላምባ

ልብስ ሰፊዋ ባዶ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ላምባ ማደያው ደጃፍ ስትደርስ ክው አለች። አንድም ሰው የለም። ይህን ደጃፍ ያለ ሰልፍ አይታው አታውቅም።

ድሮማ! መንግሥት ዋጋውን ይደጉም በነበረበት ጊዜ ላምባ እንደ ውሃ ርካሽ ነበር፤ እንደ ውሃም ይጠፋ ነበር። ቦቴ ይመጣል ከተባለ ሰፈሩ ሁሉ ከዋዜማው ጀሪካን ይደረድራል። ሰው ወደየጉዳዩ ይበተናል፣ ጀሪካን ተራ ይጠብቃል። ቀሪው ሰው ደግሞ ወሬውን ያደራዋል። እዚያ ሰልፍ ላይ ያልታማ፣ ያልታጨ፣ ያልታረቀ ማን አለ? ልብስ ሰፊዋና ጎረቤቷ አስተማሪዋ ነፍስ ለነፍስ የተዋደዱት እዚያው፣ አንዷ የሌላዋን ጀሪካን እየገፋች ነው።

የተኳረፉትም እዚያው ነው። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ልትዳር በዋዜማው ሁለቱንም ጀሪካን ይዛ የተሰለፈችው አስተማሪዋ ነበረች። የራሷን አስቀድማ አስቀዳች፤ ወዲያው ቧንቧው አጉረምርሞ ደረቀ። "ከኔ ተካፈይ" ብትል ምን ነበረበት? አላለችም። ልብስ ሰፊዋ የሠርጉን ምግብ በካርቶንና በጣውላ ስብርባሪ፣ በጭስ እየተጨናበሰች ሠራች። ከዚያ ወዲህ አንድ ግድግዳ ተጋርተው ሲኖሩ እንኳን ወሬ ሰላምታም የላቸውም። ልብስ ሰፊዋ ልጇ አግብታ ሄደችባት፣ ባሏ ሞተባት፣ ቤቷ ጭር አለ። ኩርፊያው ብቻ ንቅንቅ አላለም። ጓደኛዋ ደግሞ ትናፍቃታለች፤ ለማን ትናገረዋለች?

"ጋሼ፣ ሰልፉ የታል?" አለችው ላምባ ቀጂውን ሽማግሌ።

"ድጎማው ተነሣ እኮ፤ ሬዲዮ አትሰሚም እንዴ? አሁን ላምባ ሞልቷል፣ የጠፋው ገዢው ነው።" ዋጋውን ሲነግራት ቦርሳዋን ይዛ ቀረች።

ዞር ስትል አስተማሪዋ በሩ ጥግ ቆማለች። አርጅታለች። ባዶ ጀሪካኗን ታቅፋ፣ መግዛትም መመለስም አቅቷታል። ድሮ ቢሆን በሰው መሀል ተሸሽገው ይተላለፉ ነበር። ዛሬ መሸሸጊያ የሚሆን ሰው የለም።

"ለማን ልታበስዪ ነው?" አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ አፏ ቀድሟት።

አስተማሪዋ ደነገጠች። "ለራሴ ነዋ። ማን አለኝ?"

"እኔም ለራሴ።"

ሽማግሌው መቅጃውን ይዞ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን ያያል።

"የኔ ምድጃ እንኳ ተበላሽቷል" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መሬት መሬት እያየች። "ላምባ ብገዛም አልጠቀምበትም። ገንዘባችንን አዋጥተን ላንቺ ምድጃ ላምባ ብንገዛ ምን ይመስልሻል?"

አስተማሪዋ የዚያን ተበላሸ የተባለ ምድጃ ፉጨት ዛሬ ጠዋት በግድግዳው በኩል ሰምታዋለች። እንባዋ መጣ።

"እንግዲያው እኔ ቤት ነያ" አለቻት።