የመገጣጠሚያ ክፍያ

ምላጭ ዝም አለች።

የሚያውቋት ሰዎች ይህን ቢሰሙ "አሟት ይሆናል" ባሉ ነበር። የስፌት መኪና ጠጋኝ ናት፤ ሙያውን ማንም አላስተማራትም። ፈትታ፣ አበላሽታ፣ አልቅሳ፣ መልሳ ገጥማ ነው ያወቀችው። ቅጽል ስሟን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው፤ ከመቀሷ ይልቅ ምላሷ ይቆርጣል ብለው። አሁን ግን በመደብሩ አዳራሽ መካከል የቆመው ባለአራት ጎማ ሞተር እጇን በአፏ አስጭኗታል።

ጎማዎቹ የበሬ ትከሻ ያክላሉ፤ በጥርሶቻቸው መካከል ጣት ይገባል። ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ድንጋይ ቢገጥመው ረግጦት የሚያልፍ እንጂ የሚዞረው አይመስልም። በቀዩ ቀለም ላይ የአዳራሹ መብራቶች ተደርድረው ይታያሉ፤ በመብራቶቹ መካከል ደግሞ የእናቷ ፊት። እናቷ ምርኩዟን ተደግፋ፣ ጎንበስ ብላ ከሥር ከሥር ታያለች።

"እማ፣ ከሥሩ ምን ጠፍቶሽ ነው?"

"ቡሎኖቹን እያየሁ ነው። እጁ የተባረከ ሰው ነው ያጠበቃቸው።"

እናቷ የውሃ መስመር ጠባቂ ናት። ከተራራው ወገብ ከሚፈልቀው ምንጭ እስከ ታች ሰፈር የሚወርደውን ቧንቧ ሃያ ሁለት ዓመት በእግሯ እየወጣች ጠብቃለች። ዓምና ጉልበቷ ከዳት። ሐኪሙ ሰፍቶ መለሰላትና "ከእንግዲህ ዳገት የሚባለውን ይርሱት" አላት። የውሃ ኮሚቴው ደግሞ ደብዳቤ ጻፈ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ምንጩ ድረስ ወጥታ መስመሩን ካልፈተሸች ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። በምን እንደምትወጣ ግን ደብዳቤው አልጠየቀም። ይህችን ቀዳዳ ያየቻት ምላጭ ናት። ወሩ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። የእናቷ ጥሪት ተሟጦ ስምንት መቶ ሠላሳ ሺህ ነው፤ ሞተሩ ላይ የተንጠለጠለው ካርድ ዘጠኝ መቶ አርባ ሺህ ይላል።

"ለማን ነው?" አለ ባለመደብሩ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ነው።

"ለእናቴ።"

"ለእማማ?" ሳቁ አመለጠው።

"ምነው? መሪው ጢም ያለው ሰው ካልያዘው አይዞርም?" ምላጭ ደብተሯን አወጣች። ሦስት ወር ሙሉ ያነበበችው፣ ሌላ ከተማ ላሉ ሻጮች እየደወለች የለቃቀመችው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። "ዘጠኝ መቶ አርባው ተዘርዝሮ ይነገረኝ።"

ባለመደብሩ ጣቶቹን አጠፈ። "ሞተሩ ስምንት መቶ አርባ። ማጓጓዣ አርባ አምስት። መገጣጠሚያ ሠላሳ አምስት። ሰነድ ማስፈጸሚያ ሃያ።"

"የምን ሰነድ?"

"ደረሰኝ እንቆርጥልሽ የለ?"

"በወርቅ ቀለም ነው የምትጽፉት? ይሄማ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ይሰርዙት። ማጓጓዣው ደግሞ... ሦስት ሳጥን በር ላይ አይቻለሁ። ሦስቱም በአንድ መኪና ነው የመጡት፤ አርባ አምስቱ የሦስቱ ነው። የኛ ድርሻ አሥራ አምስት።"

"ይሄን ማን ነገረሽ?"

"እርስዎ። አሁን፣ በፊትዎ።"

ከዚያ ተንበረከከች። ሻርፏን በምራቅ አርሳ ከመሪው ሥር ያለችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ወለወለቻትና የተቀረጸውን ቁጥር አነበበች። "የተሠራው ዓምና ነው። አዲሱ ከሁለት ወር በኋላ ይገባል። ያን ቀን ይሄኛው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሽማግሌ ይሆንብዎታል፤ ጡረታ ያወጡለታል?"

ከኋላ በር ላይ፣ ዘይት የጠገበ ቱታ የለበሰ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መፍቻውን እንደያዘ ቆሞ ሳቀ። ባለመደብሩ ግን አልሳቀም፤ መሐረቡን አወጣ።

"ስምንት መቶ ሃምሳ አምስት። ከዚህ በታች ከወረድኩ ሞተሩን ሳይሆን ራሴን ነው የሸጥኩት።"

ሃያ አምስት ሺህ ጎደላት። ምላጭ ደብተሯን ዘጋችና የቀረችውን አንዲት መስመር በቃሏ አወጣች። "መገጣጠሚያው ይውጣ።"

"እሱ እንኳ የሰው ጉልበት ነው፣ እህቴ።"

"ቡሎን ማጥበቅም ሥራ ሆኖ ይከፈልበታል?"

መካኒኩ ከበሩ ዞር አለ። እናቷ መዳፏን ገለበጠችና አየችው። ምላጭ ሁለቱንም ልብ አላለችም፤ ዓይኗ ባለመደብሩ ፊት ላይ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ፈገግታ የመሰለ ነገር ብቅ ብሎ ጠፋ።

"ያለ መገጣጠሚያ ይሁን?"

"ያለ መገጣጠሚያ።"

"በጽሑፍ?"

"በጽሑፍ ነው እንጂ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።"

"እውነትሽን ነው" አለ ባለመደብሩ ብዕሩን እያቀበላት። "አይለቅም።"

ስምንት መቶ ሃያ ሺህ። አሥር ሺህ ተረፋቸው፤ ለነዳጅ።

በማግስቱ አንድ የጭነት መኪና በራቸው ላይ ቆመ። አራት ሰዎች እያቃሰቱ አንድ ትልቅ ሳጥን አውርደው ግቢው መካከል አስቀመጡ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች ምላጭ።

"ሞተርሽ ነዋ።"

"የኔ ሞተር ጎማ አለው።"

"ይሄም አለው። ውስጥ ነው።"

ሾፌሩ ወረቀቱን ዘረጋላት። በገዛ እጇ ጽሕፈት፣ አሳምራ፣ "ያለ መገጣጠሚያ" ብላ ጽፋለች። ከሥሩ የመደብሩ ማኅተም፤ ከማኅተሙ ሥር ደግሞ በጥቃቅን ፊደል፦ የመደብሩ መካኒክ ሳያየው ከተነዳ ዋስትና የለውም። ሳጥኑን መልሳ ለማስገጠም ሠላሳ አምስት ሺህ ያስፈልጋል፤ በእጃቸው ያለው አሥር ነው።

እናቷ ሳቅ ጀመረች። ምርኩዟ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

"ሳቂብኝ አንቺ ደግሞ!"

"ተዪኝ ልጄ። ይህች ሳቅ ሠላሳ አምስት ሺህ ወጥቶባታል፤ እስከ መጨረሻዋ ልሳቃት እንጂ።"

ሳጥኑን ከፈቱት። ምላጭ ብዙ መኪና ፈትታለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየችም። እያንዳንዱ አጥንት በየወረቀቱ ተጠቅልሎ፣ እያንዳንዱ ዘለላ ቡሎን በየከረጢቱ ተቋጥሮ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ተኝቷል። መመሪያው በማታውቀው ቋንቋ ነው፤ እሷ ግን ሥዕሉን አነበበች። የፊተኛውን ክንድ አንስታ ከአካሉ ጋር ስታገናኘው፣ በማይተዋወቁ ሰዎች እጅ የተበሱት ሁለት ቀዳዳዎች ፊት ለፊት ገጠሙና በመካከላቸው ብርሃን አለፈ። በቀዳዳው ውስጥ የጎረቤቱን አጥር አየች። እንደገና ነቅላ እንደገና ገጠመችው፤ ሌላ ምክንያት አልነበራትም፣ ያንን ብርሃን ለማየት ብቻ ነበር።

ማጥበቁ የእናቷ ድርሻ ሆነ። በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የታመመ እግሯን ዘርግታ፣ መፍቻውን ታዞርና ድንገት ትተወዋለች።

"ጨምሪ እንጂ እማ።"

"በቃው። ጠግቧል።"

"በምን አወቅሽ?"

"እጄ ላይ ዝም ይላል።"

ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ነፋሱ የምላጭን ፀጉር ዓይኗ ላይ እየበተነ ሲያስቸግራት፣ ከአንዱ ከረጢት አፍ ላይ ተሰክተው የመጡ፣ እግራቸው ሁለት የሆነ ቀጫጭን ሽቦዎች አገኘች። የማሸጊያ ሽቦ መሰሏት። ግራና ቀኝ ፀጉሯን አስያዘችባቸው። እንደ ልኳ የተሠሩ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ያ ሽማግሌ መካኒክ ለዋስትናው ሊያየው መጣ። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ አንድ ረጅም መለኪያ መፍቻ አወጣ፤ ቡሎኑ ልኩን ሲደርስ "ቀጭ" የሚል። አንዱን ነካ፤ ቀጭ። ሌላውን፤ ቀጭ። ዞሮ ዞሮ አርባ ያህል ቡሎን ነካ፤ አንዱም የላላ፣ አንዱም የከረረ አልነበረም።

"ይሄን ማነው ያጠበቀው?"

"እናቴ።"

"በምን ለክታ?"

"በእጇ።"

ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀ። በርጩማው ላይ ወደተቀመጠችው ሴት ትንሽ ጎንበስ አለና መልሶ ደፋው። ከዚያ የፊት ጎማዎቹ ጋ ተቀመጠ። እዚያ ቆየ። ሳጥኑን ፈተሸ፣ ከረጢቶቹን አራገፈ፣ መሬቱን በዓይኑ ጠረገ። በመጨረሻ ቀና ብሎ የምላጭን አናት አየ።

"ፀጉርሽን ፍቺ።"

"ምን አሉ ጋሼ?"

"ፍቺው ልጄ። ኮፒሊያዎቼን አጊጠሽባቸዋል።"

ሁለቱን ሽቦዎች ተቀብሎ አሳያት፤ ጎማውን ከያዘው ትልቅ ቡሎን ጫፍ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። ኮፒሊያው በእሷ ያልፋል፣ እግሮቹ ይታጠፋሉ፣ ከዚያ ወዲያ ቡሎኑ መዞር ቢያምረውም አይችልም። "ያለ እነዚህ ቢሆን" አለ ሽቦውን እያጠፈ፣ "ቁልቁለቱ ላይ ጎማዎቹ ከእናትሽ ቀድመው ቤት ይገቡ ነበር።"

ምላጭ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አለች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ወርዷል፤ አልሰበሰበችውም። እናቷን አየች፣ ጎማውን አየች፣ ከዚያ ቤት ገብታ አሥሯን ሺህ ይዛ ወጣች።

"ይያዙ ጋሼ።"

"የምን? ጽሑፉ ላይ የለም።"

"ጽሑፉን ተዉት። የጻፍኩት ልጅ ሆኜ ነው።"

"የዛሬ አራት ቀን?"

"አዎ። ያኔ ልጅ ነበርኩ።"

ሽማግሌው ሳቀና አምስቱን ቆጥሮ አምስቱን መለሰላት። "ሥራውን እሳቸው ሠርተውታል። ይሄ ነዳጅ ይግዛ።"

"ይጨምሩ እንጂ!"

"አልጨምርም።"

ዕድሜዋን ሙሉ ዋጋ ስታወርድ የኖረች ልጅ አንዲት ዋጋ መስቀል አቃታት። መካኒኩ ዋስትናው ላይ ፈርሞ ሄደ።

ወሩ ሊያልቅ ሰባት ቀን ሲቀረው ወጡ። እናት መሪውን ይዛ፣ ምላጭ ከኋላ ወገቧን አቅፋ። ሞተሩ ዳገቱን ያልፈው ጀመር፤ ድንጋዩ፣ ቦዩ፣ የዛፍ ሥሩ ሁሉ ከሥራቸው እየተንከባለለ ቀረ። ቧንቧው በጎናቸው ይወጣል። ምላጭ ይህን ቧንቧ የምታውቀው ግቢያቸው ውስጥ ባለው ጫፉ፣ በባልዲ ሙሌት ብቻ ነበር። አሁን መጋጠሚያዎቹን መቁጠር ጀመረች። መቶ ስትደርስ ሰፈሩ ከታች የእጅ መዳፍ አከለ። ሁለት መቶ ላይ ጆሮዋ ተደፈነ። ቧንቧው በገደል አፍ ላይ በሚሄድበት፣ ሰው በደረቱ ካልተሳበ በማይደርስበት ቦታ ሳይቀር መጋጠሚያ አለ፤ በአሮጌ ጎማ የተጠቀለለ፣ በሽቦ የታሰረ፣ በቀለም ቀን የተጻፈበት። ሁሉም የእናቷ ጽሕፈት።

ሦስት መቶ አሥራ አንደኛው ላይ ሞተሩ ቆመ።

ምንጩ ድምፅ አልነበረውም። ከጥቁር ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ፣ ሰፊና ጥርት ያለ ውሃ፣ ማንም ሳይገፋው፣ ማንም ሳይከፍለው ይወጣል። የገንዳው ወለል ላይ ያለች ጠጠር ሁሉ ትቆጠራለች። ምላጭ እጇን ልትነክር ፈልጋ ፈራች።

እናቷ የኮሚቴውን የፍተሻ ቅጽ ከደረቷ አወጣች። ከዚያ ከምንጩ ሥር ያለውን የመጀመሪያውን መጋጠሚያ ጭቃ በአውራ ጣቷ ጠረገች፤ ከሥሩ የደበዘዘ ቀን ወጣ። ምላጭ አነበበችው። የልደቷ ቀን ነው።

"ይሄን አጥብቄ ስወርድ ምጡ ያዘኝ" አለች እናቷ፣ ስለ አየር ጠባይ የምታወራ ይመስል። መፍቻውን አቀበለቻት። "እስቲ ነይ። ትንሽ ላልታለች።"

ምላጭ ተንበረከከች። አዞረች። ብረቱ ተንጫጫ፣ አጉረመረመ፣ ከዚያ እጇ ላይ ቀስ ብሎ ጸጥ አለ። መፍቻውን ተወችው። ቧንቧው ውስጥ ውሃው ወደ ሰፈሩ ሲወርድ በመዳፏ ተሰማት።

"ጠግቧል" አለች።

እናቷ አላረጋገጠችም። ቅጹ ላይ አንድ ምልክት አደረገችና ምርኩዟን አነሳች።

"ጎበዝ። ሦስት መቶ አሥር ቀረን።"