የጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ

በጣሊያን፣ በማጆሬ ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሁሉ ይታወቅ፤ በመጋቢት መጀመሪያ ቅዳሜ ማለዳ፣ ኤርሲሊያ የምትባል ሴት ጓሮዋ ወርዳ አንድ አበባ ከነቅርንጫፉ ቆረጠች።

ዕለቱ ካሜሊያ የተባለው አበባ ትርኢት የሚታይበት ነው። አበባው ነጭ ሆኖ በአንድ ጎኑ ቀይ ሰረዝ አለው። ኤርሲሊያ በእናቷ ስም «ደልፊና» ብላ፣ ስሙን ወረቀት ላይ ጽፋ አስራበታለች። እናቷ ኮረብታው ላይ ባለው፣ በካሜሊያ ዛፎቹ በታወቀው ቪላ የሰው አንሶላ ስታጥብ ኖራ ሞተች፤ ስሟ የቀረው በመቃብሯ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው፣ እሱንም የድንጋይ ሽበት ወርሶታል። ዛሬ የትርኢቱ ዳኞች አዲስ ዝርያ ነው ብለው ከተቀበሉት ግን የእናቷ ስም አበባው እስካለ ድረስ ይጠራል።

አበባዋን ይዛ አዳራሽ ስትገባ ያው የራሷ አበባ ቀድሟት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ያው ነጭ፣ ያው ቀይ ሰረዝ። የተጻፈበት ስም ግን «ታንክሬዲ» ይላል። ጎረቤቷ ፌርሞ አጠገቡ ሆዱን ገፍቶ ቆሟል። ታንክሬዲ አባቱ ነው።

ደሟ ፈላ።

«አንተ! ይኼን ከየት አመጣኸው?»

«ከጓሮዬ ነዋ። አባቴ ከዘር ያበቀለው ነው።»

«አባትህ? ጢሙን እንኳ ማብቀል ያቃተው ሰውዬ?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ከዘር ያበቀለችው እናቴ ናት። አንተ በአጥር ተንጠራርተህ ቆረጥክ!»

«በናንተ አጥር? ድመት እንኳ ጩኸትሽን ፈርታ አትጠጋውም።»

ሰው ሳቀ። ከስድቡ ይልቅ ያበገናት ሳቁ ነው። ቄሱ አባ ፉልጀንዚዮ መሐል ገቡ።

«ልጆቼ፣ አበባ እኮ የእግዜር ነው።»

«እንግዲያው ራሱ ይምጣና ይመስክር!» አለቻቸው።

ፌርሞም ትዕግሥቱ አለቀ። «ዘር ዘር አትበይኝ! እናትሽ በጠራራ ፀሐይ የታጠፈ ጃንጥላ ይዛ ከቪላው ስትወጣ አገር ያውቃል። ውስጡ ምን ነበር? ዝናብ?»

«አባትህስ? በነሐሴ ሙቀት ካፖርት ለብሶ ከዚያው ቪላ ሲወጣ በርዶት ነው?»

ሳቁ ተቆረጠ። እዚያ ከቆመው ሰው አባቱ ወይ አያቱ ቪላው ውስጥ ያልሠራ አልነበረም። ሁሉም ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በየአበባው ፊት ቆሞ «የአያቴ ዘር ነው» ሲል ያረፈደ ነው። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው የአበባውን ቅጠል መወልወል ጀመረ።

በሩ ተከፈተ። የቪላው ባለቤት፣ አሮጊቷ ሲኞራ ኦታቪያ፣ በዝግታ ገቡ። ውጭው ብራ ነው፤ ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል የለም። እሳቸው ግን ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል።

ሁለቱን አበቦች ተራ በተራ አዩና ፈገግ አሉ።

«የኛው የካሜሊያ ዛፍ ዘንድሮ በውርጭ ደረቀ» አሉ። «መልሼ የምተክለው አንድ ቅርንጫፍ የሚሰጠኝ አይጠፋም ብዬ ነው የመጣሁት።»

ጃንጥላቸውን ከፈቱና ገልብጠው ዘረጉት።

ማንም አልተነቃነቀም። በመጨረሻ አባ ፉልጀንዚዮ ከቤተክርስቲያኑ ጓሮ ቆርጠው ያመጡትን አበባ ከነቅርንጫፉ አነሱና አንገታቸውን ደፍተው ጃንጥላው ውስጥ አኖሩት። ፌርሞ ተከተለ። ከየጠረጴዛው ሰው ይመጣ ጀመር።

ኤርሲሊያ እንደተቆጣች ነው። ደልፊናን፣ የስሟ ወረቀት እንደታሰረባት፣ ከሁሉም በላይ አስቀመጠቻት።