መኝታ የለየ ባል

«ሴትዮዋ እውነቷን ነው ወይ?» ሲሉ ሽማግሌው ጋሼ አብደታ ጠየቁ። «መኝታ ከለየህ ዓመት አለፈህ?»

ጎንፋ አቀርቅሮ መሬት መሬት አየ። በመቱ ገበያ የታወቀ የበቅሎ ነጋዴ ነው፤ የተኳረፈ ገዢና ሻጭ የሚያስማማ አፍ ነበረው። ዛሬ በሽማግሌዎች ፊት ያ አፍ ከዳው። ከሳሹ ሚስቱ ዲሪቤ ናት። ጣሊያን በወጣ ዓመት ነው ያገባት።

ምን ብሎ ይናገር? ብልቱ ጫፍ ላይ ቆዳው ነጥቶ፣ ደርቆ እየተሰነጠቀ ይቆስል ጀመር። «ጨረቃ ላይ ሸንቼ ነው» ብሎ ስንት ቅጠል ቀጥቅጦ አሰረበት። ሽንቱ ጠብ ጠብ እያለ ሲያሰቃየው ጊዜ ክሊኒክ ሄደ።

«ከሴት የመጣ አይደለም፣ ለሚስትህም አይተላለፍም፤ የቆዳ በሽታ ነው» አለው ሐኪሙ። «ግን የሽንት መውጫህን እያጠበበው ነው። ያ አልድን ያለው ቁስል ደግሞ ወደ ነቀርሳ እንዳይዞር እሰጋለሁ። ጅማ ሄደህ ቶሎ ኦፕራሲዮን ተደረግ።»

ኦፕራሲዮን! የበቅሎ ነጋዴ አይደል? ስንቱ ድንጉላ በቢላዋ ሲኮላሽ በዓይኑ አይቷል። እኔንም እንዲያ ሊያደርጉኝ ነው ብሎ ጅማ ሳይሄድ ቀረ። ይህን ለሰው ከመናገር ሞት ይሻለዋል። ዲሪቤም እንዳታይበት ነው መኝታ የለየው።

«ውሽማ ይዣለሁ» አለ።

ዲሪቤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። የሽማግሌዎቹ ፊት ግን ፈታ አለ። ይህን ጉዳይ ያውቁታል፤ ስንቱን አስታርቀውበታል።

«ወንድ ልጅ ነው፣ ያጋጥማል» አሉ ጋሼ አብደታ። «በል ተነሥ፣ እግሯ ላይ ውደቅ።»

ወደቀ።

ዲሪቤ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሣች። «እኔማ ተጸይፎኝ መስሎኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ስለ ልጆቼ ስል ይቅር ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ከዛሬ ጀምሮ መኝታችን አንድ ይሁን።»

«ገለቶሚ፣ ልጄ! እግዜር ይስጥሽ» አሉ ጋሼ አብደታ። «ጎንፋ፣ ሰማህ? ቃልህን ስጥ።»

ጎንፋ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። እንባዋ ሳይደርቅ ፈገግ ልትልለት ትሞክር ነበር። አንጀቱን በላችው። ትንሽ ከቆየ ሁሉንም ሊነግራት ነው፤ ይህን ስላወቀ ፈጥኖ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«አፋቱን» አላቸው።