የፕላስቲክ ክንድ

«ለጀማሪ ነርስ ቦታ የለንም፤ ልምድ ሲኖርሽ ነይ» ሲሉኝ ይህ አሥራ አራተኛው ነው። ሳይቀጥሩኝ ልምዱን ከየት ላምጣ? ከገበያ አይሸመት! ፈተናውን አልፌ የሙያ ፈቃዴን የተቀበልኩ ቀን እናቴ በር እያንኳኳች ላልሰማ ሁሉ አሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ለሰፈሩ ሰው «ሲስተር» ነኝ። ጠዋት ጠዋት «ሲስተር፣ ዛሬም ሥራ የለም እንዴ?» ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

ፈቃዱ ደግሞ ጊዜ አለው። ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ለማሳደስ የሠራሁበት ማስረጃ ይጠየቃል። ማስረጃውን ካላገኘሁ የአራት ዓመት ልፋቴን ውሃ በላው ማለት ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ የግል ክሊኒክ ለተግባር ፈተና ጠራኝ። ለአንድ ቦታ ሦስት ነን። የምትፈትነን ዋናዋ ነርስ ናት፤ ሰላምታዬን እንኳ በአገጯ ነው የመለሰችው። አልጋው ላይ የተኙትን ሽማግሌ አሳየችኝና «ካኑላ አስገቢላቸው፤ ግሉኮሱን ቀጥይ» አለችኝ።

«አይዞሽ ልጄ፣ እኔ መርፌ አልፈራም» አሉኝ ሽማግሌው።

እኔ ግን ፈርቻለሁ። እጄን ታጠብኩ፣ ጓንት አጠለቅኩ፣ ከክርናቸው በላይ በላስቲክ አሰርኩ፣ የደም ሥራቸውን በጣቴ ፈልጌ የካኑላውን መርፌ ወጋሁ። በአንዴ ገባልኝ! ደሙ ካኑላው ውስጥ ብቅ ሲል ልዘል ምንም አልቀረኝም። በፕላስተር አጣበቅኩ፣ የግሉኮሱን ቱቦ ገጥሜ ከፈትኩ። ጠብታው አልወርድ አለ። ከረጢቱን ከፍ አደረግኩት፣ ቱቦውን ነካካሁት፤ እምቢ። «ይሄ ግሉኮስ ተበላሽቷል መሰለኝ» ልል አፌን ስከፍት ሽማግሌው «ልጄ፣ እጄን ደነዘዘኝ» አሉ። ጣቶቻቸው ጠቁረዋል፤ የወጋሁት ቦታ አብጧል።

ዋናዋ ነርስ መጥታ ላስቲኩን ፈታችው። ማሰሬን ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

ትምህርት ቤት የተለማመድነው በፕላስቲክ ክንድ ነው። ሠላሳ ሁለት ተማሪ፣ አንድ ክንድ። እሱ ደግሞ ታስሮ ቢውል ቢያድር አይጠቁርም፤ ደነዘዘኝም አይልም። ሆስፒታል ስንላክም ሥራውን የሚሠሩት ተቀጣሪዎቹ ነርሶች ናቸው፤ እኛ ግድግዳ ተደግፈን ስናይ እንውላለን።

«እጇ እኮ ቀላል ነው፤ ስትወጋኝ አልተሰማኝም» አሉ ሽማግሌው ሊያማልዱኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ይረፉ» አለቻቸውና ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ሰው ላይ ሠርተሽ እጅሽ ሲፍታታ ተመለሽ።»

«የት ሠርቼ?» አልኳት።

ቀጣዩን ተፈታኝ ጠራች።

ቤት ስገባ ለእናቴ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት፤ መዋሸት ሰልችቶኛል። እሷም ሰምታኝ ስታበቃ ሻርፗን ጣል አድርጋ ወጣች። ስትመለስ የፋርማሲ ፌስታል ይዛለች፦ ሁለት ካኑላ፣ ጥጥ፣ አልኮል። ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ ክንዷን ትራስ ላይ ዘረጋችልኝ።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሰው ላይ ሥሪ አይደል ያለችሽ? እኔስ ሰው አይደለሁም?»

«እንዲህ አይቆጠርልኝም እኮ። እነሱ የሚፈልጉት ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው።»

«ወረቀቱ ይደርሳል። አንቺ መጀመሪያ እጅሽን አፍታቺ።»

ክንዷን አላነሳችም። ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እናቴ መርፌ ገና ስታይ ራሷን የምትስት ሴት ናት። አጠገቧ ተንበርክኬ እጇን ያዝኩት። ልወጋትም፣ ልተዋትም አልቻልኩም።