ከመለካቱ በፊት

ሐሙስ ጠዋት ሐዳሳ ለፊዚክስ ማስተርስ ዲፌንሷ ከታቦር ሰፈር በባጃጅ ወረደች። ካለፈች፣ የምትማርበትና በረዳትነት የምትሠራበት ኮሌጅ መምህርት አድርጎ ይቀጥራታል፤ ከወደቀች ውሏ በዚሁ ወር ያበቃል። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ መጠራት አይገባውም።

ከፊቷ አማካሪዋ ዶክተር ዳንኤልና ፈታኟ ዶክተር ጸሐይወርቅ ተቀምጠዋል።

"እስኪ ስለ ኳንተሙ በሰው ቋንቋ አስረጂኝ" አሉ ፈታኟ።

"ሻንጣ ውስጥ ያለ ሸሚዝ ቀይ ይሁን ነጭ ባላውቅ፣ ሃምሳ በመቶ የምለው ስላላየሁት ነው እንጂ ሸሚዙ ቀለም አለው። ኤሌክትሮን ግን እንደዚያ አይደለም። ከመለካቱ በፊት መልሱ ራሱ የለም። ፕሮባብሊቲው ያለው በእኛ አለማወቅ ሳይሆን በተፈጥሮ ውስጥ ነው።"

"መልሱማ አለ፣ የተደበቀው ከእኛ ነው የሚሉም አሉ።"

"አሉ። እኔ አልተቀበልኳቸውም።"

አንድ ሰዓት ሙሉ አፋጠጧት፤ አንድ ሰዓት ሙሉ መለሰች። ዶክተር ዳንኤል በየመልሱ ራሳቸውን ሲነቀንቁላት ልቧ ሞላ። ምስኪን! ራስ መነቅነቅ ምን ያስቸግራል?

"ለመሆኑ ዛሬ የማለፍሽ ፕሮባብሊቲ ስንት ነው?" አሉ ዶክተር ጸሐይወርቅ ፈገግ ብለው።

"ገና አልወሰናችሁም። ግን ሰባ በመቶ እላለሁ።"

ዶክተር ጸሐይወርቅ ከፋይላቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ገፋ አደረጉላት። ወድቃለች። ሁለቱም ፈርመዋል፤ የአማካሪዋ ፊርማ ይቀድማል። የተፈረመው ሰኞ ነው።

"አየሽ? ሰባው በመቶ ያንቺ አለማወቅ ነበር። እኛ ጋ መልሱ ሦስት ቀን ተቀምጧል።"

"ዶክተር ዳንኤል፣ እርስዎም?"

"የመምህርነቱ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ ሐዳሳ" አሉ አማካሪዋ ጠረጴዛውን እያዩ። "ራሴን የነቀነቅኩት መልስሽ ትክክል ስለነበረ ነው።"

እንባዋ መጣ፤ በእነሱ ፊት ግን ላለማልቀስ ጥርሷን ነከሰች።

ዶክተር ጸሐይወርቅ እስክሪብቶ አቀበሏት። ከወረቀቱ ግርጌ ተፈታኟ ውጤቷን ማወቋን የምታረጋግጥበት ቦታ አለ። ፈረመች። የዛሬን ቀን ልትጽፍ ስትል ፈታኟ እጇን ያዙት።

"የሰኞን አድርጊው የኔ ልጅ። ከእኛ ጋር እንዳይጋጭ።"

"ሰኞ ዕለትማ አላውቅም ነበር!"

"ቅጹ ካልተስተካከለ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አይጻፍልሽም።"

ሐዳሳ የሰኞን ቀን ጻፈች።