የጆይስቲኩ ቀኝ በኩል

ፌንጣ የሚለውን ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው፤ ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣም። ልጆች ሳሉ እናታቸው የቴሌቪዥን ጌም ገዛችላቸው፤ ጆይስቲኩ ግን አንድ ብቻ ነበር። «የእኔ ተራ ነው፣ የአንቺ አይደለም» እየተባባሉ ቤቱን ቢያምሱባት እናትየው መሀል ገብታ ፈረደች። «አንዱ ያራምድ፣ አንዷ ታዝልል። እምቢ ካላችሁ ከነካሴቱ ለጎረቤት እሰጠዋለሁ።» ከዚያ ወዲህ ወንድምየው ግራውን፣ እሷ ቀኙን ይዘው አንዲት ጆይስቲክ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው አደጉ። ግራው አቅጣጫ ነው፣ ቀኙ ዝላይ።

ጌሙ የዚያን ዘመን ሕፃን ሁሉ ከሚሞትለት የካርቱን ፊልም የተሠራ ነበር። ባለታሪኩ ውሃ የሚፈራ እሳት አጥፊ ዳክዬ ነው። ዳክዬ ሆኖ ውሃ መፍራቱ ሳያንስ ሥራ ሲመርጥ እሳት ማጥፋትን መረጠ። በካርቱኑ ውሃ በነካው ቁጥር ራሱን ይስታል፤ በጌሙ ግን ክልትው ብሎ ይሞታል። ስለዚህ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ፣ ከግንድ ወደ ግንድ መዝለል ነው። የመጨረሻውን ወንዝ ከሰፈሩ ልጆች የተሻገሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ማን እንዳሻገረ ደግሞ ፌንጣን ብትጠይቋት መልሷ አንድ ነው። ማራመድማ ማንም ያራምዳል።

ወንድሟ ካገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱን ይዞ ትናንት መጥቷል። ፌንጣ ገና ወሬውን ስትሰማ ጌሙን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዳ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ ካሴቱን እፍ እፍ ብላ እንደሚሠራ ሞክራዋለች። ለማን ብላ? ለወንድሟና ለራሷ ነዋ።

የምትሠራው መነጽር ቤት ነው፤ ሌንስ በፍሬሙ ልክ ሞርዳ ትገጥማለች። ጣቷ የማይሳሳት ነበር። ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው፣ የሚሠራው እስከ ምሳ ሰዓት ነው፣ ልቧም ከቤት አልወጣም። አንዱን ሌንስ አብዝታ ሞርዳ ጫፉን ሸረፈችው። አለቃዋ አፉን ከመክፈቱ በፊት «ሰኞ ሌላ እሠራለሁ» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

የቤቱን በር ስትከፍት የዳክዬው ሙዚቃ ተቀበላት። ወንድሟ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ለሶፋው ሰጥቷል። ግራውን ይዟል። ቀኙን የያዘችው ሚስቱ ናት።

«መጣሽ?» አላት፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

«መጣሁ፣ ወንድም ጋሼ።»

«እህቴ፣ ደህና ዋልሽ?» አለች ሙሽራዋ። «ይኸው ዳክዬሽን እየፈጀሁት ነው።» ይህን እያለች ዳክዬውን አንድ ሰፊ ገደል አሻገረችው።

«አየሽ፣ አንቺም ፌንጣ ወጣሽ እኮ» አላት ባሏ።

ፌንጣ አንጀቷ እርር አለ። ቀኙን መስጠቱ አልበቃ ብሎት ስሟንም ለሚስቱ መረቀላት። ቀናች፤ ሌላ ምን ስም ይወጣለታል? ሙሽራዋ ደግ መሆኗ ደግሞ ይብሱን አበገናት። ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ እንዴት በቀለለ። ኩርፊያዋን ይዛ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ዳክዬው ውሃ እንዲገባ መመኘት ጀመረች። ሁለት ጊዜ ገባላት፤ አልጠገበችም። በመጨረሻዋ ነፍስ ግን ባልና ሚስት እየተሳሳቁ ያ ወንዝ ዘንድ ደረሱ።

ይሄኔ እናትየው ከወጥ ቤት ተጣራች። ጋዙ አልቆባት ኖሮ ሲሊንደር የሚቀይርላት ፈለገች። ወንድምየው ጌሙን ባለበት አቁሞ ተነሣ።

«እህቴ፣ ነይ አብረን እንጨርሰው» አለች ሙሽራዋ። «ቀኙን ልልቀቅልሽ?»

«ኧረ ግድ የለም፤ አንቺው ያዢው፣ እጅሽ ሞቆለታል።»

አፏ ማር ነበር። ወርዳ ከጎኗ ተቀመጠችና በዕድሜዋ ነክታው የማታውቀውን ግራውን ያዘች። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ይህች ልጅ ዛሬ ወንዙን እንዳትሻገር። የመጀመሪያውን ግንድ አሻገረቻት፣ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ የሙሽራዋ ጣት ገና ሲያመነታ፣ ፌንጣ እንዳላየች ሆና አራመደች። ዳክዬው ውሃ ገባ።

«ውይ፣ ዘገየሁ» አለች ሙሽራዋ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ እህቴ፣ አበላሸሁብሽ።»

«ምንም አይደል፣ ትለምጂዋለሽ።» የፌንጣ ሆድ ቅቤ ጠጣ።

«ጫፉ ላይ አላቆምሽላትም እኮ» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ። ወንድሟ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በሩ ላይ ቆሟል።

«መዝለል የእሷ ሥራ ነው።»

«ማቆም ደግሞ የግራው ሥራ ነው። ላንቺ ሁልጊዜ አቆምልሽ አልነበር?»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ ነዋ» አለና ሳቀ። «እኔ ቴሌቪዥኑን መች አይቼው አውቃለሁ? የማየው አውራ ጣትሽን ነበር። እሱ ሳይዘጋጅ አንድ እርምጃ አልራመድም ነበር።» እንደ ተራ ነገር ተናግሮት ወደ ሲሊንደሩ ተመለሰ።

ያን ሁሉ ዓመት ፌንጣ ያሻገርኩ እኔ ነኝ ስትል ኖራለች። ለካ ጫፍ በደረሱ ቁጥር አንድ ሰው ዓይኑን ከጣቷ ላይ ሳይነቅል ይጠብቃት ኖሯል። ይህን ማወቋ ያበርዳታል ብትሉ ተሳስታችኋል፤ ጭራሽ ቅናቷ ባሰ። ስትገባ ቀና ብሎ ያላያት ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። ዓይኑ የሌላ ሰው ጣት ላይ ነበር።

«እንደገና እንሞክር?» አለች ሙሽራዋ። በጌሙ እንደገና ማለት ከመጀመሪያው ማለት ነው።

«እሺ።»

የመጀመሪያው ጣሪያ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ፌንጣ ከቴሌቪዥኑ ዓይኗን አንሥታ ወደ ቀኙ ተመለከተች። የሙሽራዋ አውራ ጣት ገና ቁልፉ ላይ አላረፈም፤ አልተዘጋጀም። ዳግመኛ እንዳታበላሽ ፈርታለች። አሁን ዝም ብላ ብታራምድ ማንም አያውቅባትም። ቅናቱ ከሆዷ አልወጣም። የገዛ ጣቷን ግን ከግራው ላይ አነሣችና ጠበቀቻት።